ገቺ ሲናፕስ እንዴት ይሠራል? ጋባስ መግታት የሚጀምረው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ «የሕክምና ተማሪ ነኝ። ጋባ የአንጎል ዋና ገቺ ኬሚካል ነው ተብለን ተምረናል። በሌላ ቦታ ደግሞ በጨቅላ አንጎል ውስጥ ጋባ ሕዋሱን ያነቃቃል የሚል አነበብኩ። የትኛውን ልመን? ደግሞስ ገቺው ሕዋስ ሲናፕሱን የት ላይ እንደሚሠራ በምን ያውቃል?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም ይመኑ። የተጋጩ የመሰሉት ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን እንደ አንድ ስለምንቆጥራቸው ነው። አንዱ የሲናፕሱ፣ ማለትም አንድ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው ምልክት የሚያስተላልፍበት መገናኛ፣ ግንባታ ነው፤ ጋባ የሚለቅ የአክሰን (ምልክት የሚያደርሰው የሕዋሱ ረጅም ክር) ጫፍ ከሌላ ሕዋስ ጋር ተገናኝቶ፣ ከወዲያ በኩል የጋባ ተቀባዮች ፊት ለፊቱ ይሰበሰባሉ። ሌላው የሲናፕሱ ውጤት ነው፤ ተቀባዩ ሲከፈት ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባል ወይስ ወደ ውጭ ይወጣል? ግንባታውን የሚመሩት ተጣማሪ ፕሮቲኖች ናቸው። ውጤቱን የሚወስነው ግን ተቀባዩ ሕዋስ በውስጡ ያጠራቀመው የክሎራይድ መጠን ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይጠናቀቁም። ሲናፕሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንኳ ለመግታት ገና ያልደረሰበት ጊዜ አለ።

ከግንባታው እንጀምር። በኮርቴክስ (በአንጎል የላይኛው ንብርብር) ካሉት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ጋባ የሚለቁት ከአምስት አንድ ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ጋን በጠጠር ይደገፋል ማለት እንዲህ ነው። የሚወለዱት ግን እዚያው ኮርቴክስ ውስጥ አይደለም። በፅንሱ አንጎል ታችኛው ክፍል፣ ጋንግሊዮኒክ ኤሚነንስ በሚባሉ እብጠቶች ውስጥ ይፈጠሩና ረጅም መንገድ ፈልሰው ወደ ኮርቴክስ ይገባሉ። ፓርቫልቡሚን ወይም ሶማቶስታቲን የሚባለውን ፕሮቲን የያዙት ከመካከለኛው እብጠት፣ ቪአይፒ የሚባለውን የያዙት ደግሞ ከኋለኛው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዲኤልኤክስ1 እና ዲኤልኤክስ2 የሚባሉት ጂኖች በጠፉባቸው አይጦች ላይ ፍልሰቱ ሲቋረጥ፣ ከኮርቴክሱ ጋባ ሕዋሳት አብዛኞቹ ሳይደርሱ ቀሩ። መነሻቸው ከታች መሆኑን በግልጽ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። በሰው ልጅ ዘንድ ይህ ፍልሰት በግንባሩ የአንጎል ክፍል ከልደት በኋላም ለወራት ይቀጥላል። ስለዚህ «ሕፃኑ ሲወለድ ሕዋሳቱ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው» የሚለው የተለመደ አባባል ለገቺዎቹ አይሠራም።

የደረሰው ሁሉ ደግሞ አይተርፍም። በአይጥ ከልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ከገቺ ሕዋሳቱ 40 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። ማን እንደሚተርፍ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በዙሪያቸው ያሉት ፒራሚድ ሕዋሳት (የኮርቴክሱ ዋና አነቃቂዎች) እንቅስቃሴ ነው። የገቺዎቹ ቁጥር ከአነቃቂዎቹ ጋር የሚመጣጠነው በከፊል በዚህ መንገድ ነው።

አሁን አክሰኑ ከተቀባዩ ሕዋስ ጋር ወደሚገናኝበት ቦታ እንምጣ። በአነቃቂ ሲናፕስ ላይ ዴንድራይቱ (ምልክት የሚቀበለው የሕዋሱ ቅርንጫፍ) ቀጫጭን ጣቶች እየዘረጋ አክሰን እንደሚፈልግ አንብበው ይሆናል። ገቺው እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በሂፖካምፐስ ቁራጮች ላይ በቀጥታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ አዲስ የጋባ ሲናፕስ የሚፈጠረው አክሰኑና ዴንድራይቱ አስቀድመው ተላልፈው በተነካኩበት ቦታ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ምንም ጣት አልተዘረጋም። ሳይጠቀሙበት ጎን ለጎን የቆየ መነካካት፣ ከሁለቱም ወገን ትክክለኛው ፕሮቲን ሲመጣ ወደ ሲናፕስ ይለወጣል ማለት ነው። በኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ርዕስ ተማሪ ሊይዘው የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። መነካካት ርካሽ ነው፣ በየማይክሮሜትሩ ይገኛል፤ የሚመርጠው ፕሮቲኑ ነው።

በላኪው በኩል ያለው ዝግጅት አጭር ነው። ጋባ የሚሠራው ከግሉታሜት ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ጋድ 65 እና ጋድ 67 የሚባሉ ሁለት ኢንዛይሞች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ያለ ቫይታሚን ቢ6 ሥራ አይሠሩም። ይህን ቢ6 ያስታውሱት፣ ወደ ሕክምናው ስንመጣ እንመለስበታለን። የተሠራው ጋባ ቪጋት በሚባል አጓጓዥ አማካይነት በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ይታሸጋል።

ነገሩ የሚበዛው በተቀባዩ በኩል ነው። ከላኪው ሽፋን ኒውሬክሲን የሚባል ፕሮቲን ይወጣል፤ 20 ናኖሜትር ገደማ በሆነው ክፍተት ውስጥ ተሻግሮ ከተቀባዩ ሽፋን ላይ ካለው ኒውሮሊጂን 2 ጋር ይያያዛል። ኒውሮሊጂን ብዙ ዓይነት አለው፤ ሁለተኛው ነው ለገቺ ሲናፕስ የተለየው። ወደ ሕዋሱ ውስጥ የገባው ጅራቱ ሁለት ነገር ይጠራል፤ ጌፊሪን የሚባለውን ፕሮቲንና ኮሊቢስቲን የሚባለውን ረዳቱን። ኮሊቢስቲን በራሱ ታጥፎ የተዘጋ ነው። ኒውሮሊጂን 2 ሲነካው ይከፈትና የሕዋሱን ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ይይዛል፤ ጌፊሪንንም እዚያው ያስቀምጣል። ጌፊሪን በአንድ ጫፉ ሦስት ሦስት፣ በሌላው ጫፉ ሁለት ሁለት ሆኖ ስለሚያያዝ ከሽፋኑ ሥር ጠፍጣፋ መረብ ይሠራል። የጋባና የግላይሲን ተቀባዮች የሚቆሙት በዚህ መረብ ላይ ነው።

ተቀባዩ ራሱ አምስት ቁራጭ ያለው ቀዳዳ ነው፤ በሲናፕስ ላይ ባለው የተለመደ ዓይነት ሁለት አልፋ፣ ሁለት ቤታ እና አንድ ጋማ 2። ጋማ 2 የሌለው ተቀባይ ክሎራይድ ማስተላለፍ ቢችልም በሲናፕሱ ላይ አይሰበሰብም። ጋማ 2ን ከኒውሮሊጂን 2 ጋር የሚያያይዘው ኤልኤችኤፍፒኤል4 የሚባል ፕሮቲን እንደሆነ በ2017 ታወቀ። ሌላ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ አዲስ ተቀባይ በቀጥታ ሲናፕሱ ላይ አይወርድም። ከሲናፕሱ ውጭ በሚገኘው ሽፋን ላይ ይወጣና፣ በሽፋኑ ላይ እየተንሳፈፈ ሲመጣ ጌፊሪን ይይዘዋል። የተያዘውም ለዘላለም አይያዝም፤ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ የሲናፕሱ ጥንካሬ በአብዛኛው የሚለካው ጌፊሪኑ በምን ያህል ጊዜ ምን ያህል ተቀባይ ማቆየት እንደቻለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በብዙ ንድፎች ላይ ኒውሮሊጂን የሲናፕሱ ፈጣሪ ሆኖ ይሳላል። ኒውሮሊጂን 1፣ 2 እና 3 በአንድነት የጠፉባቸው አይጦች ግን በተወለዱ ጊዜ በመተንፈስ ችግር ይሞታሉ እንጂ የሲናፕሳቸው ብዛት ብዙ አልቀነሰም ነበር፤ የተበላሸው ሥራው ነው። እንግዲህ ኒውሮሊጂን የሚያበስለው እንጂ የመጀመሪያዋን ንክኪ ብቻውን የሚፈጥር አይደለም። ስሊትርክ3 እና ፒቲፒ ዴልታ የሚባሉት ጥንድም ለገቺ ሲናፕስ ብቻ የተለዩ ናቸው። ኤምዲጂኤ1 ደግሞ ኒውሮሊጂን 2ን እየያዘ ከኒውሬክሲን ያርቀዋል፤ ግንባታው ከልክ እንዳያልፍ የሚከላከለው እሱ ነው። ጌፊሪን ሌላ ሥራም አለው። ሞሊብዲነም የሚጠቀሙ ኢንዛይሞች የሚፈልጉትን ረዳት ሞለኪውል ይሠራል። ጌፊሪን የሌላቸው አይጦች በተወለዱ በአንድ ቀን ውስጥ ስለሚሞቱ፣ ሞታቸውን ሁሉ በሲናፕስ ማሳበብ ትክክል አይሆንም።

የቦታው ጥያቄ። ሁሉም ገቺ ሕዋስ በአንድ ዓይነት ቦታ አያርፍም። ፓርቫልቡሚን ካላቸው ውስጥ ባስኬት የሚባሉት የፒራሚድ ሕዋሱን አካልና አካሉን የሚከቡትን ዴንድራይቶች ይይዛሉ። ሻንደሊየር የሚባሉት የሚያርፉት አክሰኑ በሚጀምርበት አጭር ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ የሕዋሱ ምልክት የሚነሳበት ቦታ ያ ነው። ማርቲኖቲ የሚባሉት ሶማቶስታቲን የያዙ ሕዋሳት ደግሞ ወደ ላይኛው የኮርቴክስ ንብርብር ወጥተው የዴንድራይት ጫፎችን ይይዛሉ። ዴንድራይቱ ላይ ያረፈ ገቺ ከግብዓቶቹ መርጦ ይዘጋል፤ አክሰን መነሻው ላይ ያረፈው መላውን ምልክት ይቆጣጠራል። አክሰኑ መንገዱን የሚያገኘው በሞለኪውል ምልክት ነው። በሴሬቤለም ውስጥ አንኪሪን ጂ የሚባል ፕሮቲን ኒውሮፋሲን 186ን በፐርኪንጂ ሕዋስ አክሰን መነሻ ላይ እየጨመረ ሲሄድ ያደረድረዋል፤ የባስኬቱ አክሰን ከአካሉ ወደ አክሰኑ መነሻ የሚወርደው የዚህን ፕሮቲን ጭማሪ ተከትሎ ነው። አንኪሪን ጂ ሲታወክ ኒውሮፋሲኑ ይበተናል፣ የባስኬቱ አክሰንም አቅጣጫውን ያጣል። በኮርቴክስ ለሻንደሊየር ሕዋሳት ተመሳሳይ ሚና ያለው ኤል1ካም ነው።

ጋባ ራሱም ከግንበኞቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በጨቅላ አይጥ ኮርቴክስ ላይ ጋባ በዴንድራይት አጠገብ በብርሃን ሲለቀቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ የጌፊሪን ነጥብ ታየ፤ በዚያው አካባቢ አነቃቂ ሲናፕስ የሚቀመጥበት እሾህም በቀለ። የሚያስፈልገው ካልሲየም ነው። ካልሲየሙ የሚገባው ጋባ ሕዋሱን ስለሚያነሳ፣ ማለትም ቮልቴጁን ወደ ዜሮ ስለሚያቀርብ ነው። በሌላ በኩል ባስኬት ሕዋሳት ጋድ 67 ሲቀነስባቸው ቅርንጫፋቸው ይሳሳል፣ በፒራሚድ አካላት ላይ የሚሠሩት ሲናፕስም ይቀንሳል። ስለዚህ የእርስዎ ሁለተኛ ንባብ፣ «ጋባ ያነቃቃል» የሚለው፣ ለግንባታው የሚጠቅም እንጂ የሚያደናቅፍ ነገር አይደለም።

ወደ ክሎራይዱ እንመጣለን፤ ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ክሎራይድ በሊትር 130 ሚሊሞል ገደማ ይሁን። ያልበሰለ ሕዋስ ውስጡ 25 ሚሊሞል ቢኖረው፣ በ37 ዲግሪ የክሎራይድ ሚዛን ነጥብ (ክሎራይድ በድምሩ የማይገባበትም የማይወጣበትም ቮልቴጅ) 61.5 በ25/130 ሎጋሪዝም ሲባዛ −44 ሚሊቮልት ይመጣል። የሕዋሱ የዕረፍት ቮልቴጅ −65 ከሆነ ቀዳዳው ሲከፈት ክሎራይድ ይወጣል፣ ሕዋሱም ወደ −44 ይነሳል። የበሰለ ሕዋስ ውስጡ 5 ሚሊሞል ብቻ ከሆነ ሚዛኑ −87 ነው፤ ክሎራይድ ይገባል፣ ሕዋሱም ይወርዳል። በእውነተኛው ሕዋስ ቀዳዳው ባይካርቦኔትንም ስለሚያሳልፍ የጋባ ሚዛን ከክሎራይዱ በጥቂት ሚሊቮልት ከፍ ይላል።

ይህን መጠን የሚቀያይሩት ሁለት አጓጓዦች ናቸው። ኤንኬሲሲ1 አንድ ሶዲየም፣ አንድ ፖታሲየምና ሁለት ክሎራይድ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ መጀመሪያ የሚበዛው እሱ ነው። ኬሲሲ2 ደግሞ አንድ ፖታሲየምና አንድ ክሎራይድ ወደ ውጭ ያስወጣል፤ የሚጨምረው ዘግይቶ ነው። በአይጥ ሂፖካምፐስ ሽግግሩ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግድም ይጠናቀቃል። ኬሲሲ2 ለፈላሹ ሕዋስም የማቆሚያ ምልክት ነው። ኬሲሲ2 ሲጨምር ጋባ ሕዋሱን ማንሳት ስለሚያቆም የካልሲየሙ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ ሕዋሱም ባለበት ይቆማል።

ግን ማንሳት ማለት ሁልጊዜ ማነቃቃት አይደለም። ቀዳዳው ሲከፈት የሽፋኑ መቋቋም ስለሚቀንስ፣ በዚያው ቅጽበት የሚመጣው አነቃቂ ግብዓት ይባክናል። −44 ከመተኮሻው ነጥብ በታች እስካለ ድረስ ጋባ ሕዋሱን ከፍ አድርጎ እዚያው ሊያግተው ይችላል። በሕያው ጨቅላ አይጥ ኮርቴክስ ላይም አንድ ሕዋስ በጋባ ሲነሳ መላው መረብ ግን በጋባ ሲገታ ታይቷል። ፈተና ላይ «በጨቅላ አንጎል ጋባ አነቃቂ ነው» ብለው ከመጻፍ «ሕዋሱን ያነሳል» ብለው ይጻፉ፤ ይህ በተሻለ ትክክል ነው።

የሚበላሸው ምን ላይ ነው? በየደረጃው ነው። ኮሊቢስቲንን የሚሠራው ኤአርኤችጂኢኤፍ9 የሚባለው ጂን ሲዛባ መንቀጥቀጥና ከልክ ያለፈ የመደንገጥ ሕመም ይመጣል፤ ጂኑ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። በድራቬ ሕመም (በሕፃንነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ) የሚጎዳው ኤስሲኤን1ኤ ነው፣ ሶዲየም ቀዳዳ የሚሠራ ጂን። ሲናፕሱ ተሠርቷል፣ ነገር ግን ገቺው ሕዋስ ያንን ቀዳዳ በብዛት ስለሚጠቀም ምልክቱን ማስነሳት ያቅተዋል። ለዚህ ነው ሶዲየም ቀዳዳን የሚዘጉ እንደ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ያሉ መድኃኒቶች በድራቬ ላይ ሕመሙን የሚያብሱት። የቴታነስ መርዝ ደግሞ ግንባታውን ሳይነካ ከረጢቶቹ ጋባና ግላይሲን እንዳይለቁ ያደርጋል፤ መንጋጋ የሚቆለፈውና ሰውነት የሚገተረው በዚህ ነው።

ቢ6ን እዚህ እናንሳው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አይሶናያዚድ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ የቢ6ን ሥራ ይከለክላል፣ ጋድ ይቆማል፣ ጋባ ይጠፋል። በእንዲህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ ዲያዜፓም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ዲያዜፓም ያለውን የጋባ ሥራ ያጠናክራል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። መድኃኒቱ ፓይሪዶክሲን ነው፤ የተወሰደው አይሶናያዚድ በግራም የታወቀ ከሆነ ያንኑ ያህል ግራም በደም ሥር ይሰጣል፣ ካልታወቀ ለአዋቂ 5 ግራም። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና መከላከያ ብዙ ቤት ስለገባ ሐኪም ይህን በጭንቅላቱ ይዞ መገኘት አለበት።

የቆየ መንቀጥቀጥም ሲናፕሱን ያፈርሳል። ጥቃቱ ሲረዝም ጋማ 2 ያላቸው ተቀባዮች ከሽፋኑ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ዲያዜፓም የሚያያዘው ደግሞ በአልፋና በጋማ መካከል ነው። መድኃኒቱ በ5ኛው ደቂቃ ሲሰጥና በ40ኛው ሲሰጥ ውጤቱ የሚለያየው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። በጨቅላ ሕፃን ላይ ፌኖባርቢታል የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ የማያቆምበት አንዱ ማብራሪያ ያልበሰለው የክሎራይድ ሚዛን ነው። ኤንኬሲሲ1ን ሽንት በሚያበዛው መድኃኒት በቡሜታናይድ መዝጋት ስለዚህ ማራኪ ሐሳብ ነበር፤ በአውሮፓ በሕፃናት ላይ የተደረገው ሙከራ ግን ጥቅሙ ሳይታይና የመስማት ጉዳት ስለተከሰተ ከጊዜው በፊት ቆመ፣ ውጤቱም በ2015 ታተመ። ቡሜታናይድ ወደ አንጎል በጣም በጥቂቱ ነው የሚገባው።

ላቦራቶሪ ገብተው ለማየት ከፈለጉ፣ ቪጋትንና ጌፊሪንን በሁለት ቀለም ማቅለም ቀላሉ መንገድ ነው፤ ሁለቱ ተጠጋግተው የታዩበት ነጥብ ሲናፕስ ይባላል። ሆኖም የተለመደው ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች አይለይም፣ ክፍተቱ ደግሞ 20 ነው። በአጋጣሚ የተጠጋጉትን ለማወቅ አንዱን ቀለም በ90 ዲግሪ አዙረው እንደገና ይቁጠሩ፤ የተገኘውን ከመጀመሪያው ላይ ይቀንሱ። በፎርማልዲሃይድ ረጅም ጊዜ ካቆዩት የጌፊሪን ነጥብ ይደበዝዛል። ኤምኤቢ7ኤ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ሲጠቀሙ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የሚያውቀው በ270ኛው ሴሪን ላይ ፎስፌት የተለጠፈበትን ጌፊሪን ነው። ነጥቡ ጠፋ ማለት ሲናፕሱ ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል።

በኤሌክትሮድ ለመለካት፣ የሕዋሳቱን መተኮስ ለማቆም 1 ማይክሮሞላር ቴትሮዶቶክሲን፣ አነቃቂውን ለመዝጋት 10 ማይክሮሞላር ሲኤንኪውኤክስ እና 50 ማይክሮሞላር ኤፒ5 ይጨምሩ። የቀረው ጥቃቅን ጅረት የጋባ ተቀባይን የሚዘጋው ጋባዚን በ10 ማይክሮሞላር ሲጨመር ከጠፋ የጋባ ነው። በጨቅላ ሕዋስ ጅረቱ ቀስ ብሎ ይሞታል፤ አልፋ 1 እየበዛ ሲመጣ ያጥራል። ከዚህ ሙከራ ግን «ጋባ ይገታል ወይስ ያነሳል» የሚለውን መልስ አይጠብቁ። በተለመደው አሠራር የሕዋሱ ውስጥ በኤሌክትሮዱ ፈሳሽ ስለሚተካ የሚለኩት እርስዎ የሰጡትን ክሎራይድ ነው። ለዚያ ግራሚሲዲን ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ ላይ የሚከፍተው ቀዳዳ ሶዲየምና ፖታሲየምን ያሳልፋል፣ ክሎራይድን አያሳልፍም። የኤሌክትሮዱን ጫፍ ግራሚሲዲን በሌለው ፈሳሽ ይሙሉና ሽፋኑ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይጠብቁ። የኤሌክትሮዱ ፈሳሽ ክሎራይድ የበዛበት ይሁን፤ በመሃል ሽፋኑ ከተቀደደ የጋባ ሚዛን በድንገት ወደ ዜሮ ይዘላል፣ ያንን ሕዋስ ይጣሉት።